ሐሙሲት ሲደርስ የሚጎነብሰው ሰው

የይርዳውን ሞት የሰማሁት ጥቁር ቀሚስ ልታሰፋ ከመጣች ወጣት ሴት ነው። ግንቦት ሊያልቅ አካባቢ ነበር። የወረታን አቧራ የሚያስተኛ ዝናብ ገና አልጣለም፤ እኔም እንደ ወትሮዬ የስፌት መኪናዬ ላይ አቀርቅሬ የአንድ ገበሬ ቁምጣ እጠቅማለሁ። ሴቲቱ ሰላምታ ሰጥታኝ ገባችና፣ «ልኬን ይውሰዱልኝ» ብላ ጀርባዋን አዞረችልኝ።

ልብስ ሰፊ ሰውን የሚያውቀው በጀርባው ነው። ፊት እንደ አስፈላጊነቱ ይስቃል፣ ይኮሳተራል፤ ጀርባ ግን ያለውን ይዞ ይቆማል። የዚች ልጅ ጀርባ ረጅም ነው፤ ግራ ትከሻዋ ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ይላል። ሜትሬን እንደያዝሁ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ይህን ጀርባ ከዚህ በፊት ለክቼዋለሁ።

«ሐዘኑ የማን ነው?» አልኋት።

ዞር አለችና የነጠላዋን ቋጠሮ ፈትታ የያዘችውን ዕቃ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። በእጅ ብዛት የወዙ ሁለት የወይራ ጉማጆችና ዝገት የበላቸው አራት ወገሎች ናቸው። ወገል ማለት ማረሻን ከእንጨቱ ጋር ጨምቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት ነው፤ የትኛውም ገበሬ ቤት አይጠፋም።

«ሳጥኑ ውስጥ ያገኘሁት ይህንን ነው» አለች። «ለገበሬ ባሳይ የእርሻ ዕቃ ነው አለኝ። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ አላረሰም። ወረታ ውስጥ ሞላ የሚባል ልብስ ሰፊ ጎረቤት ነበረው ሲሉኝ፣ እርስዎ ያውቁ እንደሁ ብዬ መጣሁ።»

«ማነው እሱ?»

«ይርዳው። የከብት ሐኪሙ።» ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ፣ «አባቴ» አለች። ቃሉ አፏ ላይ አዲስ እንደሆነ ያስታውቃል።

ይርዳው ወደ ወረታ የመጣው በሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። ያኔ ፎገራ ላይ ሩዝ የሚባል ነገር አይታወቅም፤ ሜዳው የከብት ነበር። ክረምት ሲገባ ውሃው ሜዳውን ይውጠዋል፤ በጋ ሲሆን ሣሩ ይመለሳል፤ ከብቱም ከየደጋው ይወርዳል። ይርዳው የመድኃኒት ሣጥኑን ከኋላው አስሮ፣ በመሥሪያ ቤቱ ዶቅዶቄ ከመንጋ መንጋ እየዞረ ለአባ ሰንጋና ለአባ ጎርባ በሽታ ይከትባል። ሐኪም ይሉት እንጂ ክትባት ሠራተኛ ነበር፤ እሱም «ሐኪም አይደለሁም» ማለት ታክቶት ትቶታል። የእኔን ሱቅና የእሱን ክፍል የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። እኔም ሚስቴ ጥላኝ የሄደች ሰሞን ስለነበር ሁለት ብቸኞች ግድግዳ ተጋራን ማለት ነው።

ወሬ አያበዛም። አንድ አነጋገር ግን ነበረው፤ «ቆይ፣ መጀመሪያ ልውረድ» የሚል። ከየት እንዳመጣው ላስረዳ። የእኛ አገር ሰው በቅሎ ላይ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከደረሰ ይወርዳል፤ ትልቅ ሰው ካገኘም ይወርዳል። ይርዳው ደግሞ ከዶቅዶቄ ይወርድ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ካየ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እየገፋ፣ ቅጥሩን ካለፈ በኋላ ነው የሚያስነሳው። አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ «እንደምን ዋልህ» ካሉት፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ልውረድ» ብሎ፣ ወርዶ፣ መሬት ቆሞ ነው የሚመልስላቸው። «በቅሎ ነፍስ አላት፤ ይህ እኮ ብረት ነው፣ ምን ያስወርድሃል?» ስለው፣ «የምወርደው ለብረቱ ነው እንዴ?» አለኝ። በኋላ በኋላ ሱቄ አግዳሚ ላይ ተቀምጦም ከባድ ጥያቄ ስጠይቀው «ቆይ፣ መጀመሪያ ልውረድ» ይለኛል። ልሰብሰብና ልንገርህ ማለቱ ነው። ብዙ ጊዜ ሳይነግረኝ ይቀራል።

አንድ ነገር ግን ነግሮኛል። የአንበሳሜውን ቄስ የመምሬ አድማሱን ልጅ፣ አለሚቱን አግብቶ ነበር። አለሚቱ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ አባቷ ቤት ሄደች። ክረምቱ ከብዶ ነበርና ይርዳው ከጉማራ ወንዝ ወዲህ፣ ውሃ የከበባቸው ከብቶች ዘንድ ተይዞ ቀረ። ወንዙ አላሻግር አለው። አንበሳሜ የደረሰው ሚስቱ ተቀብራ አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። መምሬ አድማሱ ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ «ላም ስታድን ሰው ገደልህ። ሕፃኗ የእኔ ናት፤ አባት የላትም» አሉት።

ሽማግሌ ቢላክ፣ ቢለመን፣ ቢለቀስ ያገኘው ይህቺን ብቻ ነው፤ የአንበሳሜ ገበያ በሚውልበት ቀን እንደ ከብት ሐኪም ይመጣል፤ የመምሬን ከብቶች ያያል፤ ሲጨርስ ልጅቷ ውሃ ታስታጥበዋለች፤ ከዚያ ይሄዳል። አባትሽ ነኝ አይላትም። ልጄ ብሎም አይጠራትም። የሳምንቱ ሙሉ ኑሮው ያቺ የእጅ ውሃ ነበረች። ከአንበሳሜ ሲመለስ መጀመሪያ የሚገባው እኔ ሱቅ ነው። የጨርቅ ማመልከቻ ጠመኔዬን ያነሳና በሱቄ በር መቃን ላይ ጭረት ያደርጋል። «እዚህ ደርሳለች» ይለኛል። ሰው ልጁን ቤቱ ያሳድጋል፤ ይርዳው ልጁን ያሳደገው የእኔ በር መቃን ላይ ነው።

አሁን ወደ ዶቅዶቄው ልመለስ። ዶቅዶቄው ትንሽ ነው፤ ይርዳው ረጅም ነው። መሪው እንዲያ ዝቅ ያለ ስለሆነ እጁን ለማድረስ እጥፍ ማለት ነበረበት። የፎገራ ሰው ደግሞ ይህን አይቶ ምን አለ? እጅ ይነሳል አለ! ይርዳው ጎንበስ ብሎ ባለፈ ቁጥር ገበሬው ከተቀመጠበት ተነስቶ አጸፋውን ይመልሳል። ሴቶቹ «እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው፣ ሳይሰግድ አያልፍም» ይላሉ። «ሞላ፣ እኔ እኮ ጉድጓዱን ነው የማየው» እያለ ይስቅ ነበር። እኔም ሰውየው በሄደበት ሁሉ ሲነሱለት እያየሁ፣ «በዚህ ዓይነት ደጃዝማች ትሆናለህ» እለው ነበር።

ሳቁ የቀረው ጉማራ አጠገብ አንዲት ላም ድንገት ገብታበት ቦይ ውስጥ የወደቀ ጊዜ ነው። አጥንት አልሰበረም፤ ወገቡ ግን ከዚያ ወዲያ የእሱ አልሆነም። ቆሞ ደህና ነው፤ ተቀምጦ ደህና ነው፤ ወደ ፊት እጥፍ ሲል ግን ላብ ያጠምቀዋል። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ መጥቶ አየውና፣ «መንዳት ካልቻልህ ዶቅዶቄውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን፤ አንተን ወደ ሌላ አገር እናዛውርሃለን» አለው። ክፋት አልነበረበትም፤ ከብቱ መከተብ አለበት። ይርዳው ግን የሰማው አንድ ነገር ነው። ዶቅዶቄ ከሌለ አንበሳሜ የለም፤ አንበሳሜ ከሌለ የእጅ ውሃዋ የለችም።

«መሪው ወደ እኔ ቢመጣልኝ፣ እኔ ወደ መሪው ባልሄድሁ ነበር» አለኝ።

ከፍ ያለ መሪ ከአስመራ ማስመጣት በእሱ ደሞዝ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ሁለታችን ሱቄ በረንዳ ላይ ዶቅዶቄውን አቁመን መፈላሰፍ ጀመርን። ዘዴው ቀላል ነው፤ መሪው ከተቀመጠበት ወንበር ላይ ይነሳል፤ በመሐል አንድ ነገር ይገባል፤ ረዘም ባለ ብሎን ተመልሶ ይታሰራል። ምን ይግባ? መጀመሪያ የዋንዛ እንጨት አስገባን፤ ወረታን ሳይወጣ ተሰነጠቀ። ከዚያ ይርዳው አንድ ገበሬ ማረሻውን ሲያጠብቅ አየና ሮጦ መጣ። ወይራ አስጠረብን፤ ወይራው እንዳይሰነጠቅ ሰው የጣላቸውን አሮጌ ወገሎች ከገበያ ለቅሞ፣ ቀጥቃጩ ዘንድ ወስዶ አስጠበበና በእንጨቱ አናትና እግር እንደ ቀለበት አጠለቀባቸው። ብሎኑን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሰጠን። መሪው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አለ፤ ይርዳው ተቀመጠበት፤ ወገቡም ቀጥ አለ። ዶቅዶቄው ላይ ሆኖ ቁመቱን እስከዚያ ቀን አይቼው አላውቅም ነበር።

ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ወደ ቀኝ ሲዞር ደህና፤ ወደ ግራ ሲዞር ግን ዶቅዶቄው በራሱ ጊዜ አጓርቶ ተፈተለከና ይርዳውን ይዞ የአንዲት ሴትዮ ጓያ ክምር ውስጥ ገባ። መሪው ከፍ ሲል የቤንዚን መስጫው ካቦ የሚሉት የሽቦ ገመድ አጥሮ ኖሯል፤ ወደ ግራ በጠመዘዘው ቁጥር ይሳባል። ሴትዮዋ ስትራገም፣ እሱ ጓያውን ሲለቅም፣ እኔ በሳቅ ልሞት ደረስሁ። በኋላ ካቦውን እንደ ክር በጣቴ ተከተልሁት። በመሪው አንገት ዙሪያ ያለ ሥራው ይጠመዘዛል። ፈትተን በውስጥ በኩል በአቋራጭ አሳለፍነውና በቃ።

በማግሥቱ ቀጥ ብሎ ወደ ሜዳው ወጣ። ማታ ሲመለስ፣ «ሞላ፣ ዛሬ ወገብ እንዳለኝ ረስቼ ዋልሁ» አለኝ። እንዲያ ደስ ብሎት ያየሁት ያን ቀን ነው።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። የፎገራ ሰው መነሳቱን ተወ። «ይርዳው ምነው ጠገበ?» ይባባል ጀመር። «ድሮ ሰግዶ ያልፍ ነበር፤ ዛሬ ደረቱን ነፍቶ ያልፋል።» እሱም ይህን ሲሰማ አንገቱን ሰበር ለማድረግ ሞከረ፤ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው አንገቱን ብቻ ቢነቀንቅ ደግሞ ጌታ ለአሽከሩ የሚሰጠው ሰላምታ ይመስላል። ለእኔ ይህ ሁሉ የሚያስቅ ነገር ነበር፤ የአንበሳሜ ገበያ ቀን እስኪደርስ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ጠመኔውን አላነሳም።

«ምነው? አላደገችም?» አልሁት ለመቀለድ።

«አላየኋትም።»

መምሬ አድማሱ በዚያ ቀን ሁልጊዜ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ለካ እሳቸውም ያንን ጎንበስ ማለት ከሩቅ ሲያዩት ኖረዋል። እየሰገደልኝ ይመጣል፣ የልጄን ሞት አልረሳም፣ ይላሉ ለካ። ቂማቸውን በዚያ ነበር በትንሽ በትንሹ የሚያስታግሡት። ያን ቀን ይርዳው ቀጥ ብሎ ሲመጣ አዩና ተነሱ። «ዛሬስ ቀና ብለህ መጣህ? ልጄን ረስተሃታል» ብለው በሩን ዘጉበት።

«ታዲያ አትነግራቸውም?» ብዬ ጮህሁበት። «ወገቤን አሞኝ ነው፣ መሪ አስረዝሜ ነው አትላቸውም?»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ልውረድ» አለና አግዳሚው ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። ከዚያ፣ «ምን ብዬ ልንገራቸው ሞላ? ያ ሁሉ ዓመት የሰገድሁላችሁ የመሪው ነገር ነው፣ እኔ አልሰገድሁም ልበላቸው?» አለኝ።

ሜትሬን ከአንገቴ አውልቄ መጠቅለል ጀመርሁ።

«መጀመሪያ የመሪው ነበር፤ እውነት ነው» አለ። «ኋላ ግን መምሬን ከሩቅ ሳይ የእኔ ይሆናል። የቱ ጋ እንደሆነ እኔም አላውቀው።»

ለሚቀጥለው ገበያ ዘዴ ይዞ ተነሳ። ከወረታ ቀጥ ብሎ ይነዳል፤ ጉማራን ይሻገራል፤ ሐሙሲትን አልፎ ወደ አንበሳሜ የሚገባው መንገድ ላይ አንድ ዋርካ አለ፤ እዚያ ይወርዳል። በመፍቻ ሁለቱን ብሎኖች ይፈታል፤ ወይራውን ያወጣል፤ መሪውን ወደ ድሮው ቦታው ዝቅ አድርጎ ያስራል። ከዚያ ጥርሱን ነክሶ ጎንበስ ይላል። አንበሳሜ ሲደርስ መምሬ ከሩቅ ያዩታል። ልጅቷ ውሃ ይዛ ትወጣለች። ሲመለስም እንዲሁ ዋርካው ሥር ይቆማል፤ ወይራውን ይመልሳል፤ ቀጥ ብሎ ወረታ ይገባል። ለዓመታት እንዲህ አደረገ። እኔ እንኳ ከአንድ ቀን በላይ አላደርገው።

ከአንበሳሜ በተመለሰ ቁጥር የክፍሉ ወለል ላይ በደረቱ ይተኛል። እኔ የከሰል ካውያዬን አሙቄ እገባለሁ። እርጥብ ጨርቅ ወገቡ ላይ ጣል አድርጌ በላዩ እተኩስለታለሁ። «ሱሪ ብትሆን እስካሁን ቀጥ ባልህ ነበር» እለዋለሁ። ይስቃል፤ ሲስቅ ያመዋል፤ ሲያመው «አታስቀኝ አንተ ሰውዬ» ይላል። ከዚያ ተነስቶ ጠመኔውን ይፈልጋል። ከእሱ ወዲህ እንደዚያ ያለ ጓደኛ አላገኘሁም። ብናገረው የማያልቅልኝ ናፍቆት ነው።

በመጨረሻ ወገቡ እንቢ አለ። ዶቅዶቄው ለአንድ ጎረምሳ ተሰጠ፤ ይርዳውን ወሎ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ አደረጉት። ሊሄድ ሲል አንበሳሜ ደርሶ መጣ፤ እስከ ሐሙሲት በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግሩ። ያኔ ለመጎንበስ መሪ አላስፈለገውም፤ ወገቡ ራሱ አጉብጦት ነበር። ወይራዎቹንና ወገሎቹን ፈትቶ በሣጥኑ ከተታቸው። «ምን ያደርጉልሃል?» ስለው፣ «እኔ እንጃ» አለኝ። መኪናው ላይ ሲሳፈር አቀፍሁት። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ ነገርኋት። ስሟ ስንዱ ነው። መምሬ አድማሱ ሊሞቱ ሲሉ ነው አባቷ ማን እንደሆነ የነገሯት። እርማቸውን አውጥታ ወሎ ስትደርስ ይርዳው ተቀብሯል፤ የሰጧት ሣጥኑን ብቻ ነው። አባቴ ብላ አንድ ቀን አልጠራችውም።

ወይራውን በእጇ እያገላበጠች ቆየች። ከዚያ፣ «አይቼዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ዋርካው ሥር። ትንሽ ልጅ ነበርሁ፤ ከዘመድ ክርስትና ስንመለስ አያቴ በቅሏቸው ላይ ከፊታቸው አፈናጠውኛል። ሐኪሙ ከሩቅ ቀጥ ብሎ ሲመጣ አየነው። ዋርካው ጋ ሲደርስ ወረደ፤ ጀርባውን ሰጥቶን ተንበረከከና ብረት መፍታት ያዘ። ምን ያደርጋል አልኋቸው፤ ዝም በይ አሉኝ። እንጨቱን አወጣ፤ መሪውን ዝቅ አደረገ። ሲቀመጥ ወገቡን ይዞ አቃሰተ፤ ድምፁ እኛ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደኛ አገር ሄደ።»

«መምሬ አዩት?» አልኋት።

«አዩት እንጂ። 'ልጓሙን ያዢ፤ ልውረድ' አሉኝ። አያቴ ከበቅሎ የሚወርዱት ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ዙሪያውን ባይ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ባዶ ሜዳ ነው። ወርደው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ የዶቅዶቄው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ቆሙለት። ቤት ስንደርስ ደጅ ላይ ይጠብቀን ነበር። ምንም አላሉትም። እኔን ብቻ 'ዛሬ በሁለት እጅሽ አስታጥቢው' አሉኝ።»

ተናደድሁ። እውነቱን ልናገር፣ በሞቱ ሰው ተናደድሁ። ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት ካውያ ይዤ የይርዳውን ወገብ እተኩስ ነበር።

«ምነው አንድ ቃል ቢነግሩት!» አልሁ። «ቀና ብለህ ና ቢሉት ምን ነበረበት!»

«ሊሞቱ ሲሉ ጠየቅኋቸው» አለች። «'እንዲያ ደክሞ የሚያመጣልኝን ነገር፣ አውቄብሃለሁ ብዬ ላሳፍረው?' ነው ያሉኝ።»

ሁለቱም ሰዎች እንዲህ ሆነው አለፉ። አንዱ ሌላውን ላለማስከፋት ሲጎነብስ፣ ሌላው አንዱን ላለማሳፈር ዝም ሲል። ይርዳው መምሬ እንደወረዱለት ሳያውቅ ሞተ። ነገሩን ይኸው እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ስንዱ ወይራዎቹንና ወገሎቹን መልሳ በነጠላዋ ቋጠረች። «በጣም ያመው ነበር?» አለችኝ ቀና ሳትል።

ውሸት ልነግራት አልፈለግሁም፤ እውነቱንም ሁሉ ልነግራት አልቻልሁም።

«ከሐሙሲት ወዲህ ቀጥ ብሎ ነበር የሚመጣ» አልኋት። «አንቺን አይቶ ሲመለስ በረንዳዬ ላይ ቆሜ አየው ነበር። ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣ።»

ዓይኗን ጠረገች። ልኳን አልጨረስንም ነበርና ጀርባዋን አዞረችልኝ። ትከሻዋ በሐዘን ታጥፏል፤ እንዲህ ሆኖ ልክ አይወሰድም። ለማንም ደንበኛ የምለውን ልላት አፌን ከፈትሁና ቃሉ ከበደኝ።

«ቀና በይ፣ ልጄ» አልኋት።

ቀና አለች። ለካሁ።